ድምፅ አልባ ፊልሞች በትክክል በምን ፍጥነት ነበር የሚታዩት?

ጥያቄ፦
ከእ.ኤ.አ. 1910ዎቹና 1920ዎቹ የቀሩ ድምፅ አልባ ፊልሞችን ስመለከት በአንዳንዶቹ ሰዎቹ ከልክ በላይ ይጣደፋሉ፤ በሌሎቹ ግን አረማመዳቸው የተፈጥሮ ነው። የዘመኑ ፍጥነት በሰከንድ 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንደነበር በብዙ ቦታ ተጽፏል። ፊልሙን የሚያሳየው ኦፕሬተር በእርግጥ ይህን ቁጥር ይከተል ነበር? ካልሆነ ፍጥነቱን የሚወስነው ምን አይቶ ነው?

የመጀመሪያው መልስ፦
16 የሚለው ቁጥር በዋናነት የካሜራ ቁጥር ነው። የካሜራው እጀታ በአንድ ዙር 8 ፍሬም ስለሚያሳልፍ፣ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ማዞር 16 ፍሬም ይሰጣል፤ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ጫማም 16 ፍሬም ስለሚይዝ ስሌቱ በደቂቃ 60 ጫማ ይሆናል። ይሁን እንጂ የቀራጩ እጅ እንደ ትዕይንቱ ይፈጥን ወይም ይዘገይ ነበር፤ በአስቂኝ ፊልሞች ላይ ሰዎቹ በኋላ በሸራው ላይ ሲታዩ እንዲሯሯጡ ሆን ተብሎ በዝግታ የሚቀረጽበት ጊዜም ነበር። በማሳያው በኩል ደግሞ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ከቀረጻው ይበልጥ ነበር፦ በ1916 የተመሠረተው የአሜሪካ የፊልም መሐንዲሶች ማኅበር በ1920ዎቹ አጋማሽ ለቀረጻ በደቂቃ 60፣ ለማሳያ ግን 80 ጫማ እንዲሆን መክሯል። ጥሩ ኦፕሬተር ዓይኑን ከሸራው ሳይነቅል፣ የተዋንያኑን አረማመድ እያየ ፍጥነቱን ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ያስተካክል ነበር፤ ሞተር ከመጣ በኋላም ፍጥነቱ በመቆጣጠሪያ የሚቀየር ስለነበር ውሳኔው ከእጁ አልወጣም። ባለ ሲኒማ ቤቱ ተጨማሪ ትርኢት ሲፈልግ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይቀር ነበር፤ በ60 ጫማ ፍጥነት 17 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ባለ 1,000 ጫማ ጥቅል በ90 ሲሄድ በ11 ደቂቃ ያልቃልና።

ሁለተኛው መልስ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ኦፕሬተሩ እንደ ልቡ ማዘግየት አይችልም ነበር። የማልታ መስቀል የሚባለው የማሽኑ ክፍል ፊልሙን ወደ ቀጣዩ ፍሬም በሚጎትትበት ቅጽበት ሻተር የሚባለው ተሽከርካሪ መጋረጃ ክንፍ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ የቀሩት ክንፎች ደግሞ ፍሬሙ ቆሞ ሳለ ብርሃኑን ደግመው በማቋረጥ መርገብገቡ ለዓይን እንዳይታወቅ ያደርጋሉ። ባለ ሦስት ክንፍ ሻተር በ16 ፍሬም፣ ባለ ሁለት ክንፍም በ24 ፍሬም፣ ሁለቱም በሰከንድ 48 ብልጭታ ይሰጣሉ፤ ባለ ሁለት ክንፉ በ16 ቢዞር ግን 32 ብቻ ስለሚሆን ተመልካቹን ያስቸግራል። ሦስተኛው ክንፍ ብርሃን ስለሚቀንስ፣ መብራቱ ደካማ የሆነበት ቤት በሁለት ክንፍ ፈጠን ብሎ መሄድን ይመርጥ ነበር።

ከዚህም በላይ ሙቀት አለ። የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራበት ተቀጣጣይ የናይትሬት ፊልም በካርቦን አርክ (እጅግ በሚሞቅ የኤሌክትሪክ) መብራት ፊት ለጥቂት ሰከንዶች ከቆመ ይቀጣጠላል፤ ኦክስጅንን በውስጡ ስለያዘም በውኃ ውስጥ ሳይቀር ይነዳል። በዚህ ምክንያት ፍጥነቱ ሲወርድ በራሱ ወድቆ ብርሃኑን የሚዘጋ መከለያ ተሠራ፤ የብሪታንያ የ1909 ሕግም ማሽኑ እሳት በሚቋቋም ክፍል ውስጥ እንዲሆን አስገደደ። (በግንቦት 1897 በፓሪስ 126 ሰዎች ያለቁበት የበጎ አድራጎት ባዛር ቃጠሎ ግን ብዙዎች እንደሚሉት ከፊልሙ አልተነሣም፤ የፕሮጀክተሩ መብራት ይሠራበት የነበረው የኤተር ትነት በክብሪት ተቀጣጥሎ ነው።)

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ታዲያ ዛሬ የማያቸው ቅጂዎች ለምን ይጣደፋሉ?

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ፦
ድምፅ ከገባ በኋላ 24 ፍሬም ቋሚ መለኪያ ስለሆነ፣ ብዙ የቆዩ ቅጂዎች የቀረጻ ፍጥነታቸው ሳይታይ በዚሁ ተገልብጠዋል። በጥንቃቄ በታደሱት ላይ አንዳንድ ፍሬሞች ተደግመው ስለሚገቡ እርምጃው ይስተካከላል። ቅጂ ሲመርጡ ከሩጫ ትዕይንት ይልቅ ሰው ተራ በሆነ ሁኔታ የሚራመድበትን ወይም የሚቀመጥበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ሩጫው ሆን ተብሎ የተፋጠነ ሊሆን ይችላል።