ፊልም ትተን ዲጂታል ስንጀምር የታካሚዎች ምስል ተበታተነብን

የራዲዮሎጂ ክፍል ባለሙያ ነኝ። የፊልም ማጠቢያ ጨለማ ክፍላችንን ከዘጋን ሦስት ሳምንት ሆነን። የምስሉ ጥራት ግሩም ነው፤ ነገር ግን የአንድ ታካሚ ምስሎች በሁለትና በሦስት ስም ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። ካርድ ክፍል ስሙን በአንድ አጻጻፍ ይመዘግባል፣ እኛ ራጅ ማሽኑ ላይ በሌላ እንጽፋለን፤ ምስሎቹ የሚቀመጡበት የኮምፒውተር ማኅደርም እንደ ሁለት ሰው ይቆጥራቸዋል። ትናንት ሐኪሙ የቀድሞውን ምስል ስላጣ የቆየ የሳንባ ጠባሳን አዲስ ሕመም ሊለው ነበር። ይህ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ካሉን የራጅ ማሽኖች አዲሱ በዳይኮም (የሕክምና ምስልና መረጃ መለዋወጫ ደረጃ) የሥራ ዝርዝር፣ ማለትም ማሽኑ ላይ በሚታየው የተረኛ ታካሚዎች ዝርዝር አማካይነት ስምና ቁጥሩን በቀጥታ ከምዝገባው ይቀበላል። አሮጌው ግን ይህን አይችልም፤ ሁሉም በእጅ ነው። የካርድ ቁጥሩን በባርኮድ ማስነበብ ይበቃ ይሆን? የተበታተኑትን ስናዋህድስ የሌላ ሰው ምስል እንዳይቀላቀል ከስም ሌላ ምን እናመሳክር? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ እርዱኝ።