ማሽላዬ ላይ የፈሰሰው ጥቁር ትል ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ የምኖረው ከሚሴ አካባቢ ነው። ዝናቡ ጠፍቶ ከርሞ በመጨረሻ ጣለና ማሽላው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ማሳው ላይ ጥቁር ትል ፈሶ አገኘሁት። ካለፈበት ቦታ የቀረው የቅጠሉ አከርካሪ ብቻ ነው። የሚገርመው ዳሩ ላይ ያለውን ቦሎቄ አልነካውም። ጎረቤቴ ኩብኩባ ነው ይላል። ምን ላድርግ?

ማሽላ ዘሪ፦ ኩብኩባ ይዘላል፣ ያንተ ይሳባል። ተምች ነው! ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ዛሬውኑ ንገር።

የሰብል ጥበቃ ሠራተኛ፦ ቦሎቄው ራሱ መስክሯል። የአፍሪካ ተምች የሚበላው ሣርና የሣር ወገን የሆኑትን ነው፤ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ገብስ፣ ሰርዶ። ተነጣጥሎ ሲኖር አረንጓዴ ነው፤ የሚጠቁረው ሲበዛና ሲተፋፈግ ነው። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምች ግን ሌላ ነው። እሱ በቆሎው እምብርት ውስጥ ይደበቃል፣ ጅራቱ አካባቢም በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። አንዱን ያዝና አገላብጠህ እይ፤ ርዝመቱንም ንገረኝ።

ከብት አርቢ፦ ወንድሜ፣ ከብቶችህን ተምች ካለፈበት ሰርዶ አርቅ። እንዲህ ያለ ግጦሽ ላይ ተሰማርተው የሞቱ ከብቶች አሉ። ሳምንት ያህል ይቆዩ።

ጠያቂ፦ ነጥብ የለውም። በጎኑ ቢጫ መስመር አለው፣ ሦስት ሴንቲሜትር ይሆናል። አፈሩን ጫር ጫር ሳደርገው ደግሞ እንደ ፍሬ ያለ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ነገር አገኘሁ፤ ስነካው ጫፉን ያወዛውዛል።

የሰብል ጥበቃ ሠራተኛ፦ እንግዲያው ለዚህኛው መድኃኒት አትግዛ። በልቶ ጨርሶ አፈር እየገባ ነው፤ በሳምንት፣ በአሥር ቀን ውስጥ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል፣ በሌሊት ነፋስ ተከትሎ ሩቅ ይሄዳል። ርጭት የሚያዋጣው ትሉ ገና ትንሽና አረንጓዴ ሳለ ነው። አጠገብህ ያሉትን ማሳዎች ቅጠሉን እየገለጥህ ፈትሽ። ገና እየተሳበ ያለው ወዳልተበላው እንዳይሻገር ግድግዳው ቀጥ ያለ ቦይ ቁፈር፤ የገባው በቀላሉ አይወጣም። ማሽላውን ደግሞ ቸኩለህ እንዳትገለብጠው። በዚህ ዕድሜው የሚያድግበት ጫፍ ገና ከአፈር በታች ስለሆነ ዝናብ ካገኘ ያቆጠቁጣል።

ጠያቂ፦ ልገለብጠው በሬዎቹን ጠምጄ ነበር፣ ፈታኋቸው። ቦዩን በጎረቤቴ ጤፍ በኩል ጀምረናል። ኩብኩባ ነው ያለውም ሰው አካፋ ይዞ መጥቷል።