የካቢን አፕግሬድ ጨረታ በኢሜይል መጣልን፤ እንግባበት ወይስ ይቅር?

ሶስና ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ከፖርት ካናቬራል በሚነሳ የሮያል ካሪቢያን ኦኤሲስ ክላስ መርከብ የ7 ሌሊት ጉዞ ይዘናል። ሁለት ቡኪንግ ነው፤ ሁለቱም መስኮት አልባ ክፍል፣ ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት። በአንዱ እኔ፣ ባለቤቴና የ6 ዓመት ልጃችን ነን፤ በሌላው እናቴና የ15 ዓመቷ ልጄ። ክፍያው ተጠናቋል፤ ለመነሳት ሰባት ሳምንት ያህል ይቀራል።

አሁን ሮያልአፕ የሚል፣ ተጨማሪ ዋጋ አቅርበን ወደ ተሻለ ክፍል ለመውጣት እንድንጫረት የሚጋብዝ ኢሜይል መጣና ለየክፍሉ ዓይነት ዝቅተኛ ዋጋ አስቀምጦልናል፦ ባሕር የሚያይ መስኮት 40 ዶላር፣ ሴንትራል ፓርክን (መርከቡ መሃል ያለውን መናፈሻ) የሚያይ ባልኮኒ 75፣ ባሕር የሚያይ ባልኮኒ 120፣ ጁኒየር ስዊት 250፣ ግራንድ ስዊት 600። ማንሸራተቻውን ወደ ቀኝ ስገፋው «ደካማ» የሚለው ወደ «ጥሩ» ይቀየራል።

ዋጋው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለክፍሉ? ስንት ብናስገባ ይሻላል? እናቴ ማዕበል አይስማማትም፣ ጉልበቷንም ያማታል፤ ከእኛ ርቃ እንድትሆን አልፈልግም።


ዴክ ስምንት

ሶስና፣ ከዋጋው ልጀምር። የምታዪው ቁጥር ለአንድ ሰው ነው፤ ለሙሉ ጉዞው እንጂ ለአንድ ሌሊት አይደለም። የሚባዛው ግን በክፍሉ የመጀመሪያ ሁለት ሰዎች ብቻ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው አይቆጠሩም። ስለዚህ ባሕር የሚያየውን ባልኮኒ በ120 ብታስገቢ፣ ሦስት ሆናችሁም ካርድሽ ላይ የሚያርፈው 240 ዶላር ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ የሁለት ሰው ይከፍላል፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ከመላክሽ በፊት ገጹ ጠቅላላውን ስለሚያሳይ እሱን እዪ።

ስትልኪ ገንዘብ አይቆረጥም። ጨረታው ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ማሻሻልም መሰረዝም ትችያለሽ። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ግን አለቀ፦ ካርዱ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ አይመለስም፣ ክፍሉን አልወደድኩትም ብሎ ወደ ድሮው መመለስም የለም። መልሱ ከመነሻው ሁለት ቀን በፊት ድረስ ሊመጣ ይችላል። በመሃል ካርድሽ ከተቀየረ ገብተሽ አስተካክዪው፤ ካርዱ ካልሠራ አፕግሬዱም አይሰጥሽም።

«ደካማ» «ጥሩ» የሚለው ዕድልሽን ይገምታል እንጂ ቃል አይገባም። ከጀርባው ያለው ሒሳብ እንዲህ ነው፦ ድርጅቱ እናንተን ወደ ባልኮኒ ሲያወጣ የጨመራችሁትን ያገኛል፣ የለቀቃችሁትን መስኮት አልባ ክፍል ደግሞ መልሶ ይሸጣል። ባልኮኒ ተርፎ ርካሹ ክፍል ሲፈለግ ዝቅተኛ ጨረታም ያልፋል። በትምህርት ቤት ዕረፍት ሳምንት ባልኮኒው ራሱ በሙሉ ዋጋ እየተሸጠ ከሆነ ግን ማንሸራተቻውን እስከ ጫፍ ብትገፊውም ላይሆን ይችላል።

ለእናንተ ግን ትልቁ ጉዳይ ዋጋው አይመስለኝም። በጨረታ የምትገዢው የክፍሉን ዓይነት ነው፤ የክፍሉን ቁጥር የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ይህ መርከብ 360 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ዋናዎቹ አሳንሰሮች ደግሞ ፊትና ኋላ ሁለት ቦታ ላይ ናቸው። እናንተ ፊት፣ እናትሽ ኋላ ቢመደቡ ጉልበት ለሚያማቸው ሰው በቀን ሦስት አራቴ የሚመላለሱት መንገድ አይደለም። ማዕበሉም እንደዚሁ ነው። መርከቡ መሃሉና ዝቅ ያለው ዴክ ላይ ብዙም አይወዛወዝም፤ ፊቱ ጫፍ ከፍ ያለው ዴክ ላይ ግን እያንዳንዱ ማዕበል ይሰማል። ባልኮኒ መኖሩ ይህን አይቀይረውም። አሁን ያሉበት ክፍል መሃል ላይ ከሆነ ለእሳቸው ከብዙ ባልኮኒ ይሻላል።

ሁለቱ ቡኪንግ ተያይዘው ቢሆንም ጨረታው ለየብቻ ነው የሚታየው። የአንዱ አልፎ የሌላው ሊቀር ይችላል፤ «ሁለቱም ካልሆነ ይቅር» የሚባልበት ቦታ የለም።


የትኬት ቢሮ

ሶስና፣ ጨረታውን ከመንካትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ይግቡና ያንኑ መርከብ፣ ያንኑ ቀን፣ ያንኑ የሰው ብዛት ከልጁ ዕድሜ ጋር ሞልተው እንደ አዲስ ገዢ ባሕር የሚያይ ባልኮኒ ይፈልጉ። እስከ መክፈያው ገጽ ድረስ ሂዱ እንጂ አይክፈሉ። ጠቅላላውን ከታክስና ከወደብ ክፍያ ጋር ይጻፉ፤ ከዚያ ከራስዎ ኢንቮይስ ጋር ያነጻጽሩ።

ልዩነቱ የሚሰላው እርስዎ ከከፈሉት ነው፤ መስኮት አልባው ክፍል ዛሬ ከሚሸጥበት ዋጋ አይደለም። ለምሳሌ ለሦስታችሁ 2,700 ከፍላችሁ ከሆነና ባልኮኒው ዛሬ ለሦስት ሰው 3,100 ከሆነ ልዩነቱ 400 ዶላር ነው። በጨረታ ዝቅተኛው 240 ነው፤ ነገር ግን በ240 ማለፉ አይታወቅም፤ ወደ 180 ከፍ ብታደርጉት 360 ይሆናል። በ360 የማታውቁትን ክፍል ከመጠበቅ በ400 ዛሬውኑ ቁጥሩን መርጣችሁ መያዝ ይሻላል። ልዩነቱ 900 ቢሆን ግን ጨረታው ትርጉም አለው።

ሙሉ ክፍያ ካለቀም በኋላ ልዩነቱን ከፍሎ ወደ ላይ መውጣት ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ያለው መንገድ ጨረታው ብቻ ይመስለዋል። ቡኪንጉን በወኪል ከያዛችሁ ድርጅቱ በስልክ ለውጡን ከእርስዎ ጋር አይሠራም፣ ወኪሉ ነው መደወል ያለበት። ቀጥታ ከሆነ ራስዎ ይደውሉ። ከመደወልዎ በፊት የዴክ ፕላኑን ከፍተው የሚፈልጉትን ሁለት ክፍል፣ ተለዋጭም ጭምር፣ ቁጥራቸውን ጽፈው ይያዙ። የእናትዎንና የእናንተን ክፍል በውስጥ በር የሚገናኝ ብታገኙ ለእናንተ ከዚህ የተሻለ የለም።

ስልኩ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ክፍሉ በዛሬው ዋጋ እንደገና ሲታሰብ የመጀመሪያው ቡኪንግ ይዞት የነበረው የመርከብ ላይ ክሬዲት (መርከቡ ውስጥ የሚወጣ የስጦታ ገንዘብ) ወይም ቅናሽ ሊወርድ ይችላል። አዲሱ ኢንቮይስ በኢሜይል ይላክልኝ ብለው እሱን ሳያዩ አይክፈሉ። በጨረታ ሲሆን ግን የመጀመሪያው ቡኪንግ ጥቅም እንዳለ ይቆያል፤ ይህ የጨረታው እውነተኛ ብልጫ ነው። ሌላው ብልጫ ሦስተኛው ሰው አለመቆጠሩ ነው፤ በስልክ ሲሆን የልጁም ልዩነት ይታሰባል።


ጌታቸው ሂውስተን

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ጨረታውን ጨርሶ መተው ያለባቸው አይመስለኝም። የእናትየውን ክፍል አለመንካት፣ በራሳቸው ክፍል ብቻ ባሕር የሚያየውን ባልኮኒ በዝቅተኛው ማስገባት። ካለፈ 240 ዶላር ለሳምንት ባልኮኒ ርካሽ ነው፤ ካላለፈ የሚከስሩት ነገር የለም። እናትየውም ቀን ቀን እዚያ መጥተው ይቀመጣሉ።

40 ዶላሩን መስኮት ግን አልመክርም። ለሁለት ሰው 80 ከፍሎ የማይከፈት መስኮት ከማግኘት ትንሽ ጨምሮ በር ከፍቶ አየር የሚወሰድበትን መሞከር ይበልጣል። ብዙ ዓይነት ላይ በአንዴ ጨረታ ማስገባት ይቻላል፤ የሚያልፈው አንዱ ነው፣ የትኛው እንደሚያልፍ የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። ስለዚህ ቢደርሳችሁ የማትደሰቱበትን ዓይነት ዝርዝሩ ውስጥ አታስገቡ።


ዴክ ስምንት

ጌታቸው፣ በዚያ እስማማለሁ፤ ሶስና ግን አንድ ነገር ልትወስን ይገባል፦ ከእናቷ ክፍል አምስት ዴክ ብትርቅ ትችላለች ወይ? ከቻለች ያንተ ምክር ጥሩ ነው። የ15 ዓመቷ ልጅ ከአያቷ ጋር ስለሆነች ማታ ብቻቸውን አይሆኑም።

ስለ ሴንትራል ፓርክ ባልኮኒ ደግሞ ልጨምር፤ በ75 ሲታይ ያጓጓል። ይህ ባልኮኒ ባሕር አያይም። ኦኤሲስ ክላስ መርከቦች መሃላቸው ክፍት ነው፤ ዴክ 8 ላይ እውነተኛ ተክል ያለበት መናፈሻ አለ፣ እነዚህ ክፍሎች ከላዩ ሆነው ወደ እሱ ይመለከታሉ። ፊት ለፊት ያለው ባልኮኒ ላይ የተቀመጠ ሰው ያያችኋል፤ መጋረጃ ሳይዘጉ ልብስ መቀየር አይቻልም። ነፋሱ ግን ጋብ ያለ ነው፣ ማታ ጸጥታ አለ፣ ማዕበሉን አለማየት የሚሻለው ሰውም ይወደዋል። ቦርድዎክን የሚያየው ሌላ ነው፦ ከታች ዴክ 6 ላይ የልጆች የእንጨት ፈረስ መጫወቻ ይዞራል፣ ከኋላ አኳቲያትር የሚባል የውሃ ትርዒት መድረክ አለ፣ የትርዒቱ ሙዚቃ ወደ ላይ ይመጣል። የ6 ዓመት ልጅ በጊዜ የሚያስተኛ ቤተሰብ አይመርጠውም።

ዴክ 14 ላይ ያሉት ደግሞ ከላያቸው የመዋኛ ዴክ አለ። ጠዋት ወንበር ሲጎተት ቁልቁል ይሰማል። በጨረታ ሲሆን «ከዚህ ዴክ አድኑኝ» የምትይበት መንገድ የለም።


የትኬት ቢሮ

ስለ ስዊቶቹ በአጭሩ። ጁኒየር ስዊት ስሙ ስዊት ቢሆንም ሙሉ የስዊት ጥቅም የለውም፤ ክፍሉ ይሰፋል፣ ኮስታል ኪችን የሚባለው ምግብ ቤት እራት ይፈቀዳል። ግራንድ ስዊት ላይ ነው ቁርስም ምሳም እዚያው፣ ኢንተርኔትና የስዊት እንግዶች መቀመጫ የሚጨመረው። ለሁለት ሰው 1,200 ዶላር ከማስገባትዎ በፊት ኢንተርኔቱንና ሌላውን ለየብቻ ብትገዙት ስንት እንደሚሆን ይደምሩ።

ቲፕም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ ሮያል ካሪቢያን ለጁኒየር ስዊትና ከዚያ በታች ላለ ክፍል ለአንድ ሰው በቀን 18.50 ዶላር፣ ከጁኒየር በላይ ላለ ስዊት 21 ዶላር ያስከፍላል። ልጅም ይቆጠራል። ለሦስት ሰው በ7 ቀን ልዩነቱ 52.50 ነው፤ ቲፑን አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነም ልዩነቱ ይጠየቃል። የአባልነት ነጥብ የምትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ በጨረታ የወጣ ሰው የሚያገኘው በመጀመሪያው ክፍል ልክ ነው፤ የስዊቱ እጥፍ ነጥብ አይሰጥም።


አቤል ታምፓ

ሌላ መርከብ የያዙ ቢያነቡት ብዬ ነው። ኖርዌጂያንና ሰለብሪቲም ተመሳሳይ ጨረታ አላቸው፤ አንዱ አፕግሬድ አድቫንቴጅ፣ ሌላው ሙቭአፕ ይባላል። ካርኒቫል ግን ብዙ ጊዜ ቁርጥ ዋጋ በኢሜይል ይልካል ወይም ይደውላል። ቁርጥ ዋጋ ሲሆን እነዚህን ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ፦ ለአንድ ሰው ነው ለክፍሉ? በሌሊት ነው ለጉዞው? የክፍሉ ቁጥር ስንት ነው? መስኮቱ ወይም ባልኮኒው በነፍስ አድን ጀልባ ይሸፈናል? አልጋው ለሁላችንም ይበቃል? ቁጥሩን ከነገሩህ ስልኩን ሳትዘጋ የዴክ ፕላኑን ክፈትና ከላዩና ከታቹ ምን እንዳለ እይ። ዳንስ ቤት ወይም ወጥ ቤት ካለ እምቢ በል፣ ሌላ ቁጥር ይፈልጉልሃል።

በስልክ ለደወለ ሰው የካርድ ቁጥር አትስጡ። እውነተኛ ሠራተኛም ሊሆን ይችላል፣ አጭበርባሪም ሊሆን ይችላል፤ በድምፁ አይለይም። የቡኪንግ ቁጥራችሁን ማወቁም ማረጋገጫ አይደለም። ዝጉትና ኢንቮይሳችሁ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ፤ ቅናሹ እውነት ከሆነ መዝገባችሁ ላይ ይታያል።

በአካል ጉዳት ምክንያት ለዊልቸር የተዘጋጀ ክፍል የያዘ ሰው ጨረታ ውስጥ አይግባ። የሚሰጠው አዲስ ክፍል እንደዚያ የተዘጋጀ ላይሆን ይችላል።


ሶስና ከሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። የእናቴን ክፍል አልነካም። መጀመሪያ ለሦስታችን የባልኮኒውን ዋጋ አይቼ እዚያው አካባቢ የቀረ ክፍል ካለ እደውላለሁ፤ ከራቀ ወይም ልዩነቱ ከበዛ በዝቅተኛው አስገባለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ የመጠጥ ፓኬጅና የሽርሽር ቲኬት ገዝተናል፤ ክፍሉ በመጨረሻው ሰዓት ቢቀየር እነዚህ ምን ይሆናሉ?


ዴክ ስምንት

የቡኪንግ ቁጥሩ ስለማይቀየር የገዛሽው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የአፕግሬዱ ኢሜይል እንደደረሰሽ አፑ ላይ ገብተሽ አራት ነገር አረጋግጪ፦ ፓኬጁ፣ ሽርሽሩ፣ የእራት ሰዓታችሁ፣ ከእናትሽ ቡኪንግ ጋር መያያዙ። የጎደለ ካለ ከወደቡ ሳይሆን ከቤትሽ ደውለሽ አስተካክዪ፤ የመነሻው ቀን ወረፋው ረጅም ነው።

የሻንጣ ታጉን ቀድመሽ አትመሽው ከሆነ አሮጌው ክፍል ቁጥር አለበት፣ ሻንጣውም እዚያ ይደርሳል። እንደገና አትሚ። ማተሚያ ካጣሽ አሮጌውን ቁጥር በወፍራም እስክሪብቶ ሰርዘሽ አዲሱን ከጎኑ ጻፊ፣ በሁለቱም ፊት፤ ወደቡ ላይ ያሉት ተሸካሚዎችም ባዶ ታግና እስክሪብቶ አላቸው። የእናትሽ መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ በእጅ ይያዝ።

የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያ ቦታ የሚመደበው በክፍሉ ነው፤ ክፍሉ ሲቀየር እሱም ይቀየራል። እናንተና እናትሽ የተለያየ ቦታ ሊደርሳችሁ ስለሚችል የክፍል ካርዳችሁ ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር እንደገባችሁ እዩ፣ ከልምምዱ በፊት የእሳቸውን ቦታ ከልጅሽ ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ አሳዩአቸው።