ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ዲ እና ሲ ይዤ ለፋርም ዲ ባመለክት ያዋጣኛል?

ማታ_ፈረቃ፦

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ፣ ማታ ፋርማሲ ውስጥ በቴክኒሺያንነት እሠራለሁ። በሚቀጥለው ዙር ለፋርም ዲ፣ ማለትም ፋርማሲስት ለሚያደርገው የዶክትሬት ዲግሪ፣ ማመልከት ፈልጌያለሁ፣ የሚያማክረኝ ግን አጣሁ። የኮሌጁ አማካሪ ገና ፋርማሲ ስላት ወደ ነርሲንግ ነው የምትመልሰኝ። ቤት ደግሞ እናቴ «ይሄን ሁሉ ዓመት ከተማርሽማ ለምን ሐኪም አትሆኚም?» ትላለች።

ጂፒኤዬ 3.1 ገደማ ነው። ኦርጋኒክ አንድ መጀመሪያ ዲ መጣብኝ፣ ደግሜ ወስጄ ቢ አደረግኩት። ኦርጋኒክ ሁለት ሲ ነው። ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስና አናቶሚ ደህና ናቸው፣ ማይክሮባዮሎጂ ይቀረኛል። ሲውን ልድገመው ወይስ እንዲሁ ላመልክት? ፒካት የሚባል የፋርማሲ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለ ብለውኝ ከአንድ ልጅ መጽሐፍ ተውሼ ነበር፣ አሁን ደግሞ ቀርቷል የሚሉ አሉ። የቱ ነው እውነቱ? የድጋፍ ደብዳቤስ ከማን ነው የሚጠየቀው? የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል፣ እሳቸው ቢጽፉልኝ ጥሩ ይመስለኛል።

ሌላው ደግሞ፣ ሌላ ስቴት ያለ አንድ ትምህርት ቤት ኢሜይል ያዘንብብኛል። በሦስት ዓመት ትጨርሻለሽ፣ የማመልከቻ ክፍያ የለም፣ ቶሎ አመልክቺ ይላል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በኋላ ግን እንዲህ የሚለማመጡኝ ምን አይተውብኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ሦስተኛ_ዓመት፦

እንኳን ወደ መከራው በደህና መጣሽ። ከቀላሉ ልጀምር፣ ፒካት የለም። በ2024 መጀመሪያ ላይ ጨርሶ ተቋርጧል፣ ከዚያ በፊትም ብዙ ትምህርት ቤቶች መጠየቅ ትተውት ነበር። መጽሐፉን ለባለቤቱ መልሺለት።

ማመልከቻው ፋርምካስ በሚባል አንድ ድረ ገጽ ነው የሚያልፈው። አንዴ ትሞዪና ወደመረጥሻቸው ትምህርት ቤቶች ይሄዳል። ሰመር ላይ፣ ጁላይ አካባቢ ይከፈታል። የመጨረሻው ቀን እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል፣ አንዳንዱ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ይቀበላል። ይሄ ግን አያዘናጋሽ። ብዙዎቹ ማመልከቻ እንደደረሳቸው እያዩ፣ ኢንተርቪው እያደረጉ፣ ወንበር እየሰጡ ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ቀድሞ የገባ ሰው ወንበሩም ስኮላርሺፑም ሳያልቅ ይደርሳል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማርሽበት ኮሌጅ ሁሉ መሄድ አለበት፣ አንድ ኮርስ ብቻ የወሰድሽበትም ቢሆን። ሁሉም ከደረሰ በኋላ የሞላሽውን ከትራንስክሪፕቱ ጋር እያመሳከሩ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፣ ይሄንንም አስልተሽ ነው መነሳት ያለብሽ።

ወደ ዲው ስመጣ፣ ይሄንን ብዙ ሰው አያውቅም። ፋርምካስ ጂፒኤ ሲያሰላ የደገምሽውንም የመጀመሪያውንም ይቆጥራል። ኮሌጅሽ ዲውን ትቶ ቢውን ብቻ ቢቆጥርልሽ እንኳ እዚያ ሁለቱም ይገባሉ። ስለዚህ 3.1 ያለሽ የኮሌጁ ትራንስክሪፕት ከሆነ ፋርምካስ ላይ ዝቅ ብሎ ሊመጣ ይችላልና እንዳትደነግጪ። ሲውን እኔ ብሆን አልደግመውም። አብዛኞቹ ሲ ይቀበላሉ፣ የማይቀበሉት ከሲ በታች ያለውን ነው። ያንን ጊዜና ገንዘብ ማይክሮባዮሎጂ ላይ ኤ ለማምጣት አውዪው፣ ከቻልሽም ባዮኬሚስትሪ ጨምሪ። ኮሚቴው ወዴት እየሄድሽ እንደሆነ ያያል። ዲ፣ ከዚያ ቢ፣ ከዚያ ኤ ከሆነ ራሱ ይናገራል። እየሠራሽ መማርሽም ይታይልሻል፣ የሥራ ሰዓትሽን በትክክል መዝግቢ።

ቄሱን ግን ተያቸው፣ ይቅርታ። ከዘመድ፣ ከጓደኛና ከሃይማኖት አባት ደብዳቤ አንቀበልም ብለው በግልጽ የሚጽፉ ትምህርት ቤቶች አሉ። አንዱን ሳይንስ ካስተማረሽ መምህር፣ አንዱን አብሮሽ ከሚሠራ ፋርማሲስት ጠይቂ። ፋርምካስ እስከ 4 ደብዳቤ ይቀበላል፣ ስንት እንደሚፈልጉ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ይነግርሻል። ደብዳቤውን የማየት መብትሽን ትተያለሽ ወይ የሚል ጥያቄም ይመጣል፣ ተይው፤ አመልካቹ ያላየው ደብዳቤ ነው የበለጠ የሚታመነው።

ድርሰቱ 4,500 ፊደል ነው፣ ባዶ ቦታውም ይቆጠራል። ያው አንዱ ለሁሉም ስለሚሄድ የአንድ ትምህርት ቤት ስም እንዳትጠሪበት፣ ከላክሽ በኋላ ደግሞ አይስተካከልም። በናትሽ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ፣ እነዚህ ሰዎች ይሄንን ዓረፍተ ነገር በሕልማቸውም ያዩታል። አንቺ ቴክኒሺያን ነሽ። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሲል ካውንተሩ ላይ የሚሆነውን ታውቂያለሽ፣ እንግሊዝኛ የማትችል እናት የልጇን ሽሮፕ በሾርባ ማንኪያ ልትለካ ስትል አይተሻል። እሱን ጻፊ። የታካሚ ስም ወይም ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ግን አንድም እንዳይገባበት።

ዝም_አይነቅዝም፦

እኔ ደግሞ ደስ የማይለውን ልናገር። ድሮ ለፋርማሲ ወንበር ሰልፍ ነበር። አሁን አመልካቹ ቀንሷል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከ140 በላይ ነው። ኢሜይሉ የሚዘንብልሽ ወንበር ስለተረፋቸው ነው፣ እህቴ አትቀየሚኝ። ዛሬ መግባት ቀላል ነው። አስቸጋሪው በሰላም መውጣቱ ነው፣ ፈተናውን አልፎ፣ ዕዳው ሳያንቅሽ።

ስለ ዕዳው ማንም አላነሳም። ከጁላይ 1, 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። ፋርም ዲ እንደ ፕሮፌሽናል ዲግሪ ስለሚቆጠር በዓመት እስከ 50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው ከመንግሥት መበደር የምትችይው። አንዳንዱ የግል ትምህርት ቤት ከነኪራውና ከነምግቡ ከዚያ ያልፋል። የቀረውን ከግል አበዳሪ ውሰጂ ትባያለሽ፣ እሱ ደግሞ ኮሳይነር፣ አብሮሽ የሚፈርም ዋስ፣ አምጪ ይልሻል፣ ከዚያ ዘመድ መለመን ነው።

ሥራውም ያው ነው። ራይት ኤይድ የሚባለው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ፋርማሲ በ2025 ጨርሶ ተዘግቷል፣ ሌሎቹም ቅርንጫፍ እየቀነሱ ነው። አንድ ፋርማሲስት ስልክ እያነሳ፣ ክትባት እየወጋ፣ ድራይቭ ስሩ ላይ፣ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ መድኃኒት በሚቀበልበት መስኮት፣ እየተሰደበ ሲውል ቆመሽ እያየሽው ነው። ነርሲንግ ያለችሽ አማካሪ ያን ያህል አላበደችም።

ባለ_ጋዋን፦

ዝም አይነቅዝም፣ ብድሩ ላይ ያልከው ልክ ነው። ሥራው ላይ ግን እንደ ራይት ኤይድ ያለውን ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ፋርማሲ ብቻ ነው ያየኸው። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት ከሐኪሞቹ ጋር አልጋ ለአልጋ እንዞራለን። ኩላሊቱ የደከመ ሰው አንቲባዮቲክ ስንት መውሰድ እንዳለበት የሚጠየቀው ፋርማሲስቱ ነው፣ የካንሰር መድኃኒት መጠን ተሳስቶ ከታዘዘ የሚይዘው እሱ ነው። ድራይቭ ስሩ ላይ የሚሰደበው ሌላ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የሆስፒታል ክሊኒካል ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሬዚደንሲ የሚባል ተጨማሪ የሥራ ላይ ሥልጠና ይፈልጋል፣ ከፋርም ዲ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዓመት፣ ያውም በጣም ባነሰ ደመወዝ። የሚወዳደርበትም ሰው ብዙ ነው። ይሄንን ከመግባትሽ በፊት እወቂው።

አሁን ወደ አንቺ፣ እህቴ። እስካሁን የጠየቅሽው ሁሉ እነሱ ይቀበሉኛል ወይ የሚል ነው። አንቺ እነሱን ትቀበያቸዋለሽ ወይ? መጀመሪያ ኤሲፒኢ የሚባለው፣ ለፋርማሲ ትምህርት ቤቶች እውቅና የሚሰጠው አካል ዝርዝር ላይ ትምህርት ቤቱን ፈልጊው። እውቅናው ሙሉ ነው ወይስ «ካንዲዴት» ነው የሚለው? ካንዲዴት ማለት አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። አዲስ ነው ማለት ነው፣ ሙሉ እውቅና የሚመጣው የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከተመረቁ በኋላ ነው። ግን ያ ነገር ሳይሳካ ቢቀር የምትጎጂው አንቺ ነሽ።

ቀጥሎ ናፕሌክስ፣ ማለትም የፈቃድ ፈተናው። ፈተናውን የሚያወጣው ኤንኤቢፒ፣ የስቴት ፋርማሲ ቦርዶች ማኅበር፣ በየትምህርት ቤቱ ከተመራቂው ምን ያህሉ በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፈ ያወጣል። የአንድ ዓመት ቁጥር አይተሽ አትፍረጂ፣ ጥቂት ዓመታትን አስተያዪ። ከሱ ጎን ለጎን ደግሞ ከገቡት ውስጥ ስንቱ በጊዜው እንደተመረቀ እዪ፣ ይሄንን ትምህርት ቤቶቹ ድረ ገጻቸው ላይ ማስቀመጥ አለባቸው። ሁለቱን ለየብቻ ካየሻቸው ይሸውዱሻል። ትምህርት ቤቱ ደካማ የሚላቸውን ተማሪዎች በየዓመቱ እያስደገመና እያስወጣ ለፈተና የሚያስቀምጠው የተረፉትን ብቻ ከሆነ የማለፊያ ቁጥሩ ማማሩ አይቀርም። አንቺ ከየትኛው ወገን እንደምትሆኚ በምን ታውቂያለሽ?

ሦስት ዓመት መሆኑ በራሱ ክፉ አይደለም። ዩሲኤስኤፍ፣ የሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ እንኳ ከ2018 ጀምሮ በሦስት ዓመት ነው የሚያስተምረው። የሚቀረው የሰመር ዕረፍቱ ነው እንጂ ትምህርቱ አይደለም። ልምምዱም ያው ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢያንስ 300 ሰዓት፣ በመጨረሻው ዓመት ቢያንስ 1,440 ሰዓት። እንግዲህ ማታ እየሠራሽ መማር ካለብሽ ሦስት ዓመቱ መተንፈሻ አይሰጥሽም። ለዕዳው ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት የራስሽ ስቴት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ባልቲሞር ላይ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት አለልሽ፣ ከ1841 ጀምሮ ያለ ነው። ለስቴቱ ነዋሪ ክፍያው ይቀንሳል፣ ከእናትሽ ቤት ተመላልሰሽ ከተማርሽ ደግሞ ኪራዩም የለም። ሃዋርድም ዲሲ ላይ አለ፣ እሱ የግል ስለሆነ የሚሰጥሽን ስኮላርሺፕ አይተሽ ወስኚ።

ኢንተርቪው ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቦታ ከክፍል ክፍል እያዞሩ አጫጭር ጥያቄ ይጠይቁሻል። ተቆጥቶ የመጣ ታካሚ አለ፣ አብሮሽ የሚማር ልጅ ሲኮርጅ አየሽው፣ ምን ታደርጊያለሽ ዓይነት። ሸምድደሽ አትሂጂ፣ ያስታውቃል። እኛ ራስን ማወደስ ነውር ነው እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የሠራሽውን አንቺ ካልተናገርሽው ማንም አይናገርልሽም። ቀና ብለሽ አውሪ።

ቢፋርም_ይዤ፦

ጥያቄ ላይ ጥያቄ ልጨምር፣ ይቅርታ። እኔ ሀገር ቤት ቢ ፋርም፣ የፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ጨርሼ ሠርቻለሁ፣ አሁን በዲቪ መጥቻለሁ። እኔም ፋርም ዲ ከዜሮ ልጀምር ማለት ነው?

ባለ_ጋዋን፦

የግድ አይደለም ወንድሜ። የውጭ ተመራቂ የሚያልፍበት መንገድ አለ፣ በኤንኤቢፒ በኩል ነው። ትምህርትህን ያስገመግማሉ፣ ኤፍፒጂኢኢ የሚባለውን የውጭ ፋርማሲ ተመራቂዎች ፈተና እና የእንግሊዝኛውን ፈተና ቶፍልን ታልፋለህ፣ ሰርተፍኬቱን ስትይዝ በምትኖርበት ስቴት የልምምድ ሰዓት ሞልተህ ለናፕሌክስና ለሕጉ ፈተና ትቀመጣለህ። ዋናው መጠንቀቂያ የትምህርትህ ርዝመት ነው። ከጃንዋሪ 1, 2003 ወዲህ የተመረቀ ሰው ቢያንስ የ5 ዓመት የፋርማሲ ሥርዓተ ትምህርት የጨረሰ መሆን አለበት፣ ከዚያ በፊት የተመረቀ 4 ዓመቱ ይበቃዋል። 2003 ያልኩት በፈረንጅ ነው፣ በእኛ 1995 ይሆናል። 4 ዓመት ተምረህ ከዚያ በኋላ ከተመረቅክ ይሄ በር ይዘጋብሃልና ያኔ ፋርም ዲ ማሰብ ነው። ለዚያ ከሆነ የሀገር ቤት ትራንስክሪፕትህን እንደ ደብሊውኢኤስ ባለ ድርጅት ማስገምገም ይኖርብሃል። አንዳንድ ትምህርት ቤት የተወሰነ ኮርስ እዚሁ አሜሪካ መወሰድ አለበት ይላል፣ ቀድመህ ጠይቅ።

ማታ_ፈረቃ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ኢሜይል የሚልክልኝን ትምህርት ቤት ፈለግኩት፣ «ካንዲዴት» ነው የሚለው። ገና ያስመረቀው ተማሪም የለም፣ ስለዚህ የናፕሌክስ ቁጥር ከየት ይመጣል። ጋሼ ባለ ጋዋን እንዳሉኝ መጀመሪያ ባልቲሞርን አስባለሁ፣ ሃዋርድንም እጨምራለሁ። ዝም አይነቅዝም፣ አልተቀየምኩም፣ የብድሩን ነገር ጨርሶ አላውቅም ነበር።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ኮሌጅ ስመዘገብ ስሜና የአባቴ ስም ነበር፣ ዜግነት ስወስድ የአያቴ ስም መጨረሻ ላይ ገባና አጻጻፉም ተቀየረ። ትራንስክሪፕቴ በድሮው ስም ነው ያለው። ችግር ያመጣል?

ሦስተኛ_ዓመት፦

ሃሃ፣ የሀበሻ ስም ጣጣ! ክፍሌ ውስጥ ያለነው ሐበሾች ሁላችንም ይሄ ደርሶብናል። ፋርምካስ ላይ ስትመዘገቢ ሌላ ስም ካለሽ የምትሞዪበት ቦታ አለ፣ የድሮውን ልክ ትራንስክሪፕቱ ላይ እንዳለው አድርገሽ አስገቢው፣ አንድ ፊደል ሳትለውጪ። ከዚያ የትራንስክሪፕት መጠየቂያ ቅጹን ከራሱ ከፋርምካስ አውርደሽ ለኮሌጁ ሬጅስትራር ስጪ፣ መለያ ቁጥርሽ እሱ ላይ ስላለ ስሙ ቢለያይም ካንቺ ፋይል ጋር ያገናኙታል። የናፕሌክስ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ የምትመዘገቢበት ስምና መታወቂያሽ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት፣ ስለዚህ መንጃ ፈቃድሽን ከአሁኑ አስተካክዪ።