የቴክኖሎጂ ፈቃድን በክፍል ሙከራ የማስተማር የጋራ ሐሳብ፦ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ከማኅበሩ ገንዘብ የሚጠየቀው ለሦስት ሙከራዎች ነው፤ ተማሪዎች የፈጠራ ባለቤትና አምራች ሆነው ፈጠራውን ለመጠቀም በሚሰጥ ፈቃድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ በሚፈጸም ክፍያ፣ በሮያሊቲ (በተመረተው ልክ በሚከፈል ድርሻ) እና በጨረታ ይዋዋላሉ። የመመሪያ ወረቀቱን ለመጻፍ ቃል የገቡት አባል ረቂቁን አልላኩም፤ መልስም አይሰጡም።

የማይክሮ ኢኮኖሚክስ መምህር፦ ለአሸናፊው የተያዘው አምስት ነጥብ ከውጤት ጋር ከተደመረ አልፈርምም። በዕጣ የፈጠራ ባለቤት የሆነ ተማሪ የሚያተርፈው ከሚናው እንጂ ከችሎታው አይደለም።

የሙከራ ኢኮኖሚክስ መምህር፦ ሽልማት ከሌለ ተማሪው ለምን ይጨነቃል? የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ቼምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው የክፍል ገበያ ሙከራ ለተሳታፊዎች ክፍያ አልነበረውም፤ በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ቨርነን ስሚዝ ግን ተሳታፊዎች እንደ ውሳኔያቸው እንዲከፈላቸው አጥብቆ ይሟገት ነበር።

የማይክሮ ኢኮኖሚክስ መምህር፦ ስሚዝ የከፈለው ገንዘብ ነው፤ የተማሪ ውጤት አልነካም።

የሙከራ ኢኮኖሚክስ መምህር፦ እንግዲያው ገንዘቡን ማኅበሩ ይክፈል!

ገንዘብ ያዥ፦ ማኅበሩ ለተማሪ ገንዘብ አያከፋፍልም።

የሙከራ ኢኮኖሚክስ መምህር፦ ያለፈውም ሐሳብ የወደቀው እንዲህ ባለ ክርክር ነው፤ ያደናቀፉትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

የአእምሯዊ ንብረት መምህር፦ ስለ ነጥብ ስንጣላ ቁጥሩን ያየ የለም። ሁለት አምራቾች በምርት መጠን ይወዳደሩ፤ ዋጋው ከ100 ላይ ጠቅላላ ምርታቸው ተቀንሶ የሚገኝ፣ አንድ ምርት ለማምረት የሚወጣው ወጪ 40 ይሁን፤ ፈጠራው ወጪውን ወደ 31 ያውርደው። ሮያሊቲው በአንድ ምርት 9 ከሆነ ወጪያቸው ያው 40 ስለሚሆን እያንዳንዳቸው 20 ያመርታሉ፣ ዋጋው ከ60 አይወርድም፣ ባለቤቱም 360 ያገኛል። በአንድ ጊዜ ክፍያ ግን እያንዳንዳቸው 23 አምርተው ዋጋው 54 ይሆናል፤ ተቀናቃኙ ፈቃድ ይዞ እርሱ እንዳይቀር የሚሰጋ አምራችም እስከ 240 ስለሚከፍል ባለቤቱ 480 ይሰበስባል። ይሁንና ፈጠራው መሥራቱ ሳይረጋገጥ ቀድሞ መክፈል ስለሚያሰጋ ሮያሊቲ በተግባር የተለመደ ነው፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም የሳይንቲስቶቹን የኮኸንና የቦየርን ዲኤንኤ የማዋሃድ ዘዴ በፈቃድ ሲያከራይ ቋሚ ክፍያንና ሮያሊቲን አጣምሯል። ተማሪው በራሱ ውሳኔ እንዲደርስበት የምንፈልገው ይህንን ነው።

የማይክሮ ኢኮኖሚክስ መምህር፦ ሦስቱም ሚናዎች፣ የፈጠራ ባለቤቱና የሁለቱ አምራቾች፣ ለሁሉም በየተራ ከደረሱ ነጥቡ ይደመር።

የሙከራ ኢኮኖሚክስ መምህር፦ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ውል ሦስት ዙር ስለሚያስፈልግ ጨረታውን የምናስገባበት ጊዜ አይኖርም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጨረታው ከወጣ የጠየቃችሁት በጀት ይቀነሳል።

ጸሐፊ፦ ጨረታው ወጥቷል፤ በምትኩ ስለ ሚና መፈራረቅና ስለ ነጥብ አሰጣጥ የሚገልጽ ክፍል ገብቷል። የመመሪያ ወረቀቱን የሚጽፍ አባል ስሙን ያስታውቅ።