ልጄ የወጥ ቤቱን ካቢኔት መክፈት ጀምሯል፤ ሳልበሳው እንዴት ልዝጋው?

ጥያቄ
እንደምን ዋላችሁ? የምንኖረው አዲስ አበባ፣ በተከራየነው ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 11 ወሩ ነው፤ እየዳኸ የማይደርስበት የለም። ትናንት ቡና ስቆላ ዘወር ብል፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን በር ከፍቶ የበረኪናውን ጠርሙስ ታቅፎ ተቀምጧል፤ ክዳኑን በሁለቱ ጥርሶቹ ነክሶታል። ክዳኑ ጠብቆ መዘጋቱ አተረፈኝ። ካቢኔቱ ቺፕውድ ነው፤ አከራያችን ምስማር እንኳ እንዳንመታ አስጠንቅቀውናል። ጥንድ በርና ሦስት መሳቢያዎች አሉት። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት
እንኳን እግዚአብሔር አተረፈልሽ፣ እህቴ። መቆለፊያ ከመፈለግሽ በፊት በረኪናውን፣ የአይጥ መርዙንና ነጭ ጋዙን ዛሬውኑ ከላይኛው መደርደሪያ አስቀምጪ። በውኃ ፕላስቲክ የቀዳሽው ነገር ካለ አስወግጂው፤ ልጅ ውኃ ነው ብሎ ይጠጣዋል። ለጥንዱ በር ወፍራም ላስቲክ በሁለቱ እጀታዎች ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ አስይዘሽ አጥብቀሽ ጠምጥሚ። የተንጠለጠለ ረጅም ገመድ ግን አይሁን፤ አንገቱ ላይ ሊጠመጠም ይችላል። እኔ ዝቅ ያለውን አንዱን መሳቢያ ለልጄ ለቅቄለት ነበር፤ ወንፊትና የእንጨት ማማሰያ ይዞ ሲጫወት ሌላውን ረስቶት ይውላል።

አናጢ
አከራይዎ ልክ ናቸው። ቺፕውድ የታመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ስለሆነ ብሎን ወጥቶ ሲመለስ ቀዳዳው አይጨብጥም፤ በቀዳዳው ውኃ ከገባ ደግሞ ያብጣል፣ ያበጠውም አይመለስም። ስለዚህ ከጀርባው ማጣበቂያ ያለው የልጆች መቆለፊያ ይግዙ። ብዙ ሰው «አልያዘም» የሚለው የወጥ ቤት በር ላይ በዓይን የማይታይ የዘይት ስስ ሽፋን ስላለ ነው። በሳሙና ይጠቡት፣ ሲደርቅ በአልኮል ይጥረጉት፣ ከለጠፉ በኋላም አንድ ቀን ሳይነኩ ይተዉት። በሩ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን በማይታይ ቦታ ይሞክሩት፤ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ቤቱን ሲለቁ በቢላዋ አይፈልቅቁት። በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁትና ጠንካራ ክር ከኋላው አስገብተው እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ይሳቡ። የቀረው ሙጫ በምግብ ዘይት ሲታሽ ይለቃል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመሳቢያዎቹ እጀታ አግድም ረዘም ያለ ብረት ነው፤ ሦስቱም አንዱ ካንዱ በላይ ናቸው።

አናጢ
እንግዲያው ወጪ የለብዎትም። የመጥረጊያ እንጨት ከላይ እስከ ታች በሦስቱም እጀታዎች ውስጥ ያሳልፉ፤ ጫፉ ወለል ላይ ይረፍ፣ አናቱን ከላይኛው እጀታ ጋር በላስቲክ ይሰሩት። ቢላዋዎቹን ግን ያም ሆኖ ከላይ ያድርጓቸው።

ነርስ
አንድ ነገር ልጨምር። በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ ቢጠጣ እንዲያስመልሰው ብላችሁ ጣት አትስደዱበት። በረኪና ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥላል፤ ነጭ ጋዝ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጠያቂዋ
ላስቲኩንና እንጨቱን ዛሬ አደረግሁ፤ መርዙ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል። ጥንዱ በር ግን ሲጎትተው አንድ ጣት ያህል ይከፈታል፤ ጣቱን እንዳይቆነጥጠው ሰጋሁ።

የሁለት ልጆች እናት
አንድ ዙር ጨምሪበት፤ የእኔም ሦስተኛው ዙር ላይ ነው ጥብቅ ያለው።