«ኖን-ፊክሽን»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ማታ ማታ እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው። አስተማሪያችን «ኖን-ፊክሽን»ን በአማርኛ ግለጹ አለን፤ እኔም ደብተሬ ላይ «እውነተኛ ታሪክ» ብዬ ጻፍኩና በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘብኝ። የምግብ አሠራር መጽሐፍም ኖን-ፊክሽን ነው ተባልኩ። እሱ መቼም ታሪክ አይደለም፣ እዚህ ላይ ስህተቴ ገብቶኛል።

ግን በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተመሠረተው ኤርትራ ውስጥ በእውን በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ነው፣ ሆኖም ልብ ወለድ ይባላል። ስህተት የሞላበት የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ ኖን-ፊክሽን ሆኖ ይቀራል። ታዲያ መለያው እውነትነቱ ነው ወይስ ጸሐፊው «ይህ የሆነ ነገር ነው» ብሎ ማቅረቡ? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

«ኢ-ልብ ወለድ» የሚለውንም አይቻለሁ፣ ጆሮዬን ግን ይጎረብጠኛል። ሰው በወሬ መሃል ይለዋል እንዴ?

ሌላው፣ «አይ ሪድ ኤ ኖን-ፊክሽን» ስል «ኤ»ዋን አውጣት ተባልኩ፤ «ኤ ኖን-ፊክሽን ቡክ» ሲሆን ግን ትክክል ነው። ለምን እንደሆነ በምሳሌ የሚያሳየኝ ካለ በጣም አመሰግናለሁ፣ ሐሙስ ፈተና አለብኝ።